ከአሸዋ የሚወጣ ጎራዴ፦ ስለ ሳሙራይ መሣሪያዎች ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም «ዴሞን ስሌየር» በሚል ስም በወጣቶች ዘንድ በሰፊው በሚታወቀው የጃፓን ማንጋና አኒሜ (የሥዕል ታሪክና የካርቱን ፊልም) ውስጥ የሚታዩት ጎራዴዎች ከእውነተኛው የሳሙራይ መሣሪያ ጋር ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። ታሪኩን ላልተከታተሉ አንባቢያን ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ማንጋው በኮዮሃሩ ጎቶጌ ተጽፎና ተሥሎ ከ2016 እስከ 2020 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ሲሆን፣ ሰው በላ አጋንንት ቤተሰቡን የፈጁበት ታንጂሮ የተባለ ልጅ ጎራዴ ታጥቆ የሚያደርገውን ተጋድሎ ይተርካል። ታሪኩ የሚፈጸመውም ከ1912 እስከ 1926 በቆየው የታይሾ ዘመን ነው። ከአንዱ በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በታሪኩ ውስጥ ጎራዴው የሚሠራው ፀሐይ ከማይለየው ተራራ በሚወሰድ የብረት አሸዋ ነው ይባላል። እኔና ጓደኞቼ ደቻቱ ደርቆ ሳለ ማግኔት በክር አስረን አሸዋው ላይ ብንጎትተው ጥቁር ደቃቅ ነገር እንደ ጢም ተለጠፈበት። እውነት ከአሸዋ ጎራዴ ይወጣል? ወይስ የደራሲው ፈጠራ ነው? (ተማሪ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ)

መልስ፦ ከአሸዋ ጎራዴ መውጣቱ እውነት ነው፤ ፈጠራው በታሪኩ ውስጥ አሸዋው የፀሐይን ብርሃን ይመጥጣል መባሉ ላይ ብቻ ነው። ማግኔታችሁ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ደቃቅ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ሳይሆን አይቀርም፤ ድንጋይ በዝናብና በጎርፍ እየተበላ ሲሄድ ይህ ማዕድን ከተራው አሸዋ ይልቅ ከባድ ስለሆነ የውሃው ጉልበት በሚደክምበት ቦታ ይጠራቀማል። በጃፓን፣ በተለይም ዛሬ ሺማኔ በሚባለው የምዕራብ ሆንሹ አውራጃ፣ ሰዎች የተራራውን ገመገም እየናዱ አፈሩን በቦይ ውሃ በማጠብ ይህንኑ ጥቁር አሸዋ ለብዙ ዘመናት ሲሰበስቡ ኖረዋል።

አሸዋው ወደ ብረትነት የሚለወጥበት ምድጃ ታታራ ይባላል። ታታራ ከጭቃ የሚሠራ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ገንዳ መሰል ምድጃ ሲሆን፣ አየር ከሁለቱም ጎኖቹ በወናፍ ይነፋበታል። ሙራጌ የተባለው ዋና ባለሙያ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከአጠገቡ ሳይርቅ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ከሰልና አሸዋ እያፈራረቀ ያስጨምራል፤ የሚመራውም በሙቀት መለኪያ ሳይሆን በነበልባሉ ቀለምና ከምድጃው በሚሰማው ድምፅ ነው። ጭቃው ራሱ በእሳቱ እየተበላ ስለሚሳሳ በአራተኛው ቀን ምድጃው ይፈርሳል፤ ከሥሩም ኬራ የሚባለው፣ ገና ግሎ የሚያበራ ግዙፍ የብረት ጓል ይወጣል። ከ1977 ጀምሮ በሺማኔ ውስጥ በምትገኘው በኦኩኢዙሞ በብርዱ ወራት የሚነደው ታታራ በአንድ ጊዜ 10 ቶን ያህል የብረት አሸዋና ከዚያ የማያንስ ከሰል ይበላል፤ የሚሰጠው ኬራ ግን 2.5 ቶን ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ ለጎራዴ የሚበቃው፣ ታማሃጋኔ የሚባለው ምርጥ ስቲል፣ ከግማሹ ያነሰ ነው። እንግዲህ እናንተም ከደቻቱ አሸዋ የእጅ መዳፍ የሚሞላ ብረት ለማግኘት ማግኔቱን ለረጅም ጊዜ መጎተት ይኖርባችኋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራውን ብረት ስቲል የሚያደርገው ካርቦን ነው፤ ካርቦኑም የሚመጣው ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከከሰሉ ነው። ጥሩ ከሰል ከሌለ ጥሩ ጎራዴ ብሎ ነገር የለም። ታንጂሮ የከሰል አክሳይና ሻጭ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ በተመልካቹ ዘንድ ብዙም ልብ አይባልም፤ ለእኔ ግን ከፀሐዩ ተአምር ይልቅ ከጎራዴው እውነተኛ ታሪክ ጋር የሚገናኘው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የሳሙራይ ጎራዴ ሺህ ጊዜ ታጥፎ ስለሚቀጠቀጥ ድንጋይና ብረት ይቆርጣል እያለ ይከራከረኛል። ታንጂሮም በሥልጠናው ጊዜ ትልቅ አለት ለሁለት ይከፍላል። ደግሞስ የአንዱ ጎራዴ ጥቁር፣ የሌላው ሰማያዊ የሚሆንበት ምክንያት አለ? (አንባቢ፣ ከሐረር ጀጎል)

መልስ፦ ወንድምዎ የተሳሳተው በቁጥሩ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን የሚያጥፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ እጥፋት ያለውን ንብርብር በእጥፍ ስለሚያሳድገው 10 ጊዜ የታጠፈ ብረት 1,024 ንብርብር፣ 15 ጊዜ የታጠፈው ደግሞ 32,768 ንብርብር ይኖረዋል፤ «ሺህ ጊዜ» የሚለው ወሬም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። የማጠፉ ዓላማም ጎራዴውን ተአምረኛ ማድረግ አይደለም። ከታታራ የወጣው ስቲል አንዱ ቦታው ካርቦን የበዛበት፣ ሌላው ያነሰበት፣ በመካከሉም ዝቃጭ የቀረበት ስለሆነ፣ በመዶሻ እየተመታ ሲታጠፍ ዝቃጩ ብልጭታ ሆኖ ይወጣል፤ ካርቦኑም በሁሉም ቦታ ይስተካከላል። ከሚገባው በላይ ቢታጠፍ ግን ካርቦኑ ተቃጥሎ ያልቅና ስለቱ የማይጠነክር ለስላሳ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሺህ ጊዜ የታጠፈ ጎራዴ ቢኖር ኖሮ መጥፎ ጎራዴ ይሆን ነበር።

ጥበቡ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ሁለት ሥራዎች ነው። የመጀመሪያው፣ ጠንካራውን ስቲል ከውጭ፣ ለስላሳውን ብረት ከውስጥ አድርጎ አንድ አካል ማድረግ ነው። ጠንካራ ብረት ስል ይሆናል፤ ነገር ግን ይሰበራል። ለስላሳ ብረት አይሰበርም፤ ነገር ግን ይጣመማል፣ ስለትም አይዝም። ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ሁለተኛው ሥራ ቀጥቃጩ ልቡ ተንጠልጥሎ የሚያልፍበት ነው። ሸክላ፣ የከሰል ዱቄትና የድንጋይ ዱቄት በውሃ ተለውሶ በጎራዴው ላይ ይቀባል፤ በጀርባው በኩል ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ ተደርጎ ነው። ከዚያም የሥራ ቤቱ ይጨልማል፤ ምክንያቱም የጋለው ብረት ትክክለኛ ቀለም በቀን ብርሃን አይለይም። ብረቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ቀጥቃጩ ቀለሙን አይቶ አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስስ ጭቃ ያለበት ስለት በቅጽበት ቀዝቅዞ እጅግ ይጠነክራል፤ ጀርባው ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳነቱን አይለቅም። የጠነከረው ስለት መጠኑ ጥቂት ስለሚያብጥ ጎራዴው ወደ ጀርባው ይጎብጣል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደጋን መሰል ቅርጽ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ቀጥቃጩ አስቀድሞ መጠነኛ ጉብጠት ሊሰጠው ቢችልም፣ የሚጨርሰው ውሃው ነው። አንዳንዴም በዚያች ቅጽበት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስለቱ ተሰነጠቀ ማለት ነው፣ የብዙ ሳምንታት ድካምም በዚያው ያበቃል።

ስለ ቀለሙ የጠየቁትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እንደ ባለቤቱ ጠባይ ጥቁር፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ የሚሆን ጎራዴ በእውነቱ ዓለም የለም። ነገር ግን ጠንካራው ስለትና ለስላሳው ጀርባ በሚገናኙበት ቦታ ሃሞን የሚባል፣ ጎራዴው በጥንቃቄ ተስሎ ሲወለወል የሚታይ ነጣ ያለ መስመር ይፈጠራል። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እንደ ማዕበል የሚዋዥቅ ወይም እንደ አበባ ቅጠል የተደራረበ ሊሆን ይችላል፤ የሚወሰነውም ቀጥቃጩ ጭቃውን በቀባበት መንገድ ነው። አዋቂ ሰው ሃሞኑን፣ የብረቱን ገጽና የጎራዴውን ቅርጽ አይቶ ሥራው የቢዘን ይሁን የሶሹ ወይም የሌላ አካባቢ ቀጥቃጮች ሊለይ ይችላል። ሠዓሊው ጎራዴዎቹን በቀለም የለያያቸው በዚህ እውነት ላይ ተመርኩዞ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ፣ በእውነቱ ዓለም ጎራዴው የሚገልጠው የታጣቂውን ጠባይ ሳይሆን የቀጥቃጩን እጅ መሆኑ ነው።

አለት ስለ መክፈሉ፣ ነገሩ የአፈ ታሪክ እንጂ የሚቻል አይደለም። ናራ ውስጥ ያግዩ በሚባለው መንደር፣ በአንድ የጫካ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ 7 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ከመካከሉ ለሁለት የተሰነጠቀ አለት ይገኛል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ ጎራዴኛ ያግዩ ሙኔዮሺ ከአንድ ጋኔን መሰል ፍጡር ጋር ሲታገል በአንድ ምት ሰነጠቀው ይባላል። ዛሬ የዚህ አኒሜ አፍቃሪዎች ታንጂሮን መስለው ለብሰው ከአለቱ ፊት ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ብረትን በተመለከተ በታሪክ የተመዘገበ ነገር አለ፤ ሳካኪባራ ኬንኪቺ የተባለው የጎራዴ መምህር በሜጂ ንጉሠ ነገሥት ፊት የብረት ቁር መትቶ ጎራዴው ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ ቁሩን ግን ለሁለት አልከፈለውም። ይህም ከታላቅ ባለሙያ እጅ የወጣ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ቁር ላይ ያረፈ ምት ነበር። በጦር ሜዳ ጎራዴን ከብረት ጋር ማጋጨት ስለቱን መሸራረፍ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሚትሱሪ የተባለችው ተዋጊ የምትይዘው እንደ ጅራፍ የሚተጣጠፍ ጎራዴ በጃፓን ነበረ? (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ አልነበረም። የሚቀርበው መሣሪያ በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ የሚታወቀው ኡሩሚ ነው። በአንጻሩ ግዮሜ የተባለው ሌላው የታሪኩ ተዋጊ የሚይዘው ሰንሰለት ያለው መሣሪያ በጃፓን መሠረት አለው፤ ማጭድና ክብደት ያለው ብረት በሰንሰለት የተያያዙበት ኩሳሪጋማ የሚባል መሣሪያ በእርግጥ ነበረ።

ጥያቄ፦ በባቡሩ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ታንጂሮና ጓደኞቹ ጣቢያው ውስጥ ጎራዴ ይዘው በመታየታቸው ፖሊሶች ያሳድዷቸዋል። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ሳሙራይና ባቡር በአንድ ዘመን መኖራቸው አልገባኝም። ጎራዴ መያዝስ ለምን ወንጀል ሆነ? (ተማሪ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን)

መልስ፦ ግራ የተጋባሽው አለምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ዘመን የተገናኙት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ጃፓን የመጀመሪያውን የባቡር መስመር በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል የከፈተችው በ1872 ነው፤ ይህም ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ከመድረሱ 30 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ወገባቸው ላይ ሁለት ጎራዴ የሻጡ ሳሙራዮች በመንገድ ይታዩ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ የሜጂ መንግሥት ከወታደር፣ ከፖሊስና የክብር ልብስ ከለበሰ ባለሥልጣን በቀር ማንም ሰው ጎራዴ ታጥቆ በአደባባይ እንዳይታይ የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ለሳሙራዩ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይከፈለው የነበረው ቀለብም በዚያው ዓመት ስለተቋረጠ ኑሮውንም ክብሩንም በአንድ ጊዜ አጣ። በተከታዩ ዓመት በሳይጎ ታካሞሪ መሪነት በሳትሱማ የተነሣው ታላቅ ዓመፅ አንዱ መንሥኤ ይህ ነበር፤ ዓመፁንም የደመሰሰው ከሕዝቡ በግዳጅ የተመለመለው፣ ጠመንጃ የያዘው አዲሱ ጦር ነው።

እንግዲህ የታንጂሮ ዘመን ከአዋጁ አርባ ዓመት ያህል ርቆ የመጣ ነው። የሚያገለግልበት ማኅበር በመንግሥት የማይታወቅ ስለሆነ፣ ጎራዴውን በልብሱ ሥር ከመደበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ያች የጣቢያ ትርዒት ለማሳቅ ብትገባም ከታሪኩ ሁሉ እጅግ እውነተኛዋ እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጎራዴው ያረጀበትን ዘመን፣ ከባቡሩ አጠገብ አቁማ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ታሳያለች።

ይህ የሜጂ ዘመን ከእኛ አካባቢም ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። በ1889 የወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት፣ በ1923 ዓ.ም. ለታወጀው ለመጀመሪያው የኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኖ አገልግሏል፤ ያንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኮንን ዘንድ ያደጉ ሰው ናቸው።

ጥያቄ፦ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ አለ፤ እርሱም እንደ ሳሙራዩ ጎበጥ ያለ ነው። ሁለቱ ዝምድና አላቸው ወይ? ሳሙራይስ በጦርነት ዋና መሣሪያው ጎራዴ ነበር? (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ አልነበረም። ሳሙራይ በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት በፈረስ ላይ ሆኖ የሚወነጭፍ ቀስተኛ ነበር፤ የተዋጊው ሕግና ሥርዓትም «የቀስትና የፈረስ መንገድ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በኋላ እግረኛው ጦር እየበዛ ሲሄድ ረጅሙ ጦር፣ ያሪ የሚባለው፣ የበላይነቱን ያዘ። በ1543 ፖርቱጋላውያን ታኔጋሺማ ወደተባለችው ደሴት ጠመንጃ አመጡ፤ የጃፓን ቀጥቃጮችም፣ እነዚሁ ጎራዴ የሚሠሩት ሰዎች፣ ወዲያው አስመስለው መሥራት ጀመሩ። በ1575 በናጋሺኖ ኦዳ ኖቡናጋና ቶኩጋዋ ኢኤያሱ የታኬዳን ጦር ሲያሸንፉ ከአጥር ጀርባ የተሰለፉት ጠመንጃ ያዦች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ጎራዴው በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ከጎን የማይለይ፣ ጦሩ ሲሰበር ወይም ትግሉ ሲቀራረብ የሚመዘዝ ሁለተኛ መሣሪያ ነበር።

የሳሙራይ መታወቂያ ያደረገው ጦርነት ሳይሆን ሰላም ነው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1588 የገበሬውን መሣሪያ ሁሉ አስፈትቶ ሰበሰበ፤ ከ1603 ጀምሮ የቶኩጋዋ አገዛዝ አገሩን ካረጋጋ በኋላም ረጅሙንና አጭሩን ጎራዴ በጥንድ መታጠቅ የሳሙራዩ ብቻ መብት ሆነ። ከ250 ዓመት በላይ በቆየው በዚያ ሰላም አብዛኞቹ ጎራዴዎች ከሰገባቸው የሚወጡት ለመወልወል ነበር።

በእኛም አገር ጎራዴ የማዕረግና የክብር ምልክት ነበር፤ በዓድዋ ዘመን የውጊያው ዋና መሣሪያ ግን ጠመንጃ ሆኗል። በቅርጽ ቢመሳሰሉም ሁለቱ ጎራዴዎች ዝምድና የላቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የተያዙት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ የመጣ ሲሆን፣ ጉብጠታቸው ከፈረሰኛ ሳበር የተወረሰ ነው። የአያትዎን ጎራዴ ከሰገባው አውጥተው ከእጀታው አጠገብ ያለውን የስለቱን ክፍል በብርሃን ቢመለከቱ የይሁዳ አንበሳ ሥዕል፣ የአማርኛ ጽሑፍ ወይም የአውሮፓ ሠሪ ምልክት ሊያገኙ ይችላሉ። በአሸዋ ወረቀት ወይም በሞረድ እንዳይነኩት አደራ እላለሁ፤ ምልክቱ ከጠፋ የጎራዴው ታሪክ አብሮ ይጠፋል። የሚያነጻጽሩበት ካስፈለገዎ ከቤትዎ ሳይርቁ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ይጎብኙ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ከገበያ የሳሙራይ ጎራዴ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎታል። በግቢያችን ከጓደኞቹ ጋር ያወዛውዘዋል፤ ስለቱ ደነዝ ስለሆነ አልከለከልኩትም። ልስጋ ወይስ አልስጋ? (አባት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይስጉ፤ ዛሬውኑም ከእጁ ይውሰዱት። የሚያሰጋው ስለቱ ሳይሆን በእጀታው ውስጥ የተደበቀው ክፍል ነው። በእውነተኛው ጎራዴ ብረቱ ሳይቋረጥ እጀታው ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ይህ ክፍል ናካጎ ይባላል፤ በቀርከሃ ችንካርም ከእንጨቱ ጋር ይያያዛል። ለግድግዳ ጌጥ ተብለው በሚሠሩት ርካሽ ጎራዴዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት የተሠራው ስለት እጀታው ውስጥ የሚያዘው በቀጭን ዘንግ ብቻ ነው፤ ዘንጉም በብየዳ የተቀጠለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጎራዴ በኃይል ሲወዛወዝ ብየዳው ላይ ይሰበርና እጀታው በልጁ እጅ ሲቀር ስለቱ እንደ ተወረወረ ጦር ይበራል። ደነዝ መሆኑ በዚህ ጊዜ ማንንም አያድንም።

ሻጩ ያለው እውነት ሊሆን የማይችልበት ምክንያትም አለ። በጃፓን ጎራዴ የሚሠራው ቢያንስ አምስት ዓመት በመምህር ሥር ተምሮ ፈቃድ ያገኘ ባለሙያ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በወር ከሁለት ረጅም ጎራዴ በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። እያንዳንዱ ጎራዴ የምዝገባ ወረቀት አለው፤ ከአገር ሲወጣም የመንግሥት ፈቃድ ይጠየቅበታል። ልጅዎ ማረጋገጫ ከፈለገ አብራችሁ ችንካሩን አውጥታችሁ እጀታውን ፍቱት። የድሮ ጎራዴ ናካጎ በዘመን ብዛት የጠቆረ ዝገት ይዞ ይገኛል፤ የቀጥቃጩም ስም አብዛኛውን ጊዜ በመሮ ተቀርጾበታል። ዝገቱ ዕድሜውን ስለሚመሰክር ባለሙያዎች ሆን ብለው አይጠርጉትም። በልጅዎ ጎራዴ ላይ የምታገኙት የሚያብረቀርቅ ቀጭን ዘንግና የብሎን ጥርስ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ለጨዋታ ግን ቦኬን የሚባለው የእንጨት ጎራዴ ይበቃዋል፤ የጃፓን ጎራዴኞችም የሚለማመዱት በእርሱ ነው፤ ድሬዳዋ ያለ ማንኛውም ጥሩ አናጢ ከጠንካራ እንጨት ሊሠራለት ይችላል። እርሱም ቢሆን አጥንት የሚሰብር ስለሆነ፣ ሰው ላይ ሳይሆን በአየር ላይ ብቻ ይለማመድበት።